መስታወት አልባ ካሜራና ሌንስ አመራረጥ፦ ለየትኛው ሥራ የትኛው ጥምረት?

የፎቶ ግራፍ ሥራ በየከተማው ለብዙ ወጣቶች የእንጀራ ምንጭ ሆኗል። ሠርጉ፣ ክርስትናው፣ ምርቃቱና በዓላቱ ሁሉ ካሜራ የያዘ ሰው ይፈልጋሉ። ሥራውን ለመጀመር የሚያስፈልገው መሣሪያ ግን በውጭ ምንዛሬ ተገዝቶ የሚገባ ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም የምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የካሜራ ዋጋ በብር ሲሰላ ከቀድሞው እጅግ ከብዷል። በዚህ ሁኔታ የተሳሳተ ግዢ የዓመታት ቁጠባን ይዞ ይሄዳል፤ ተመልሶ ለመግዛትም ሌላ የቁጠባ ዓመታት ይጠይቃል።

በገዢዎች ዘንድ በብዛት የሚታየው ስህተት ገንዘቡን በሙሉ በካሜራው አካል ላይ ማዋል ነው። አዲሱና ውዱ አካል ይገዛል፤ ለሌንስ የሚተርፍ ገንዘብ ስለማይኖር ከካሜራው ጋር በአንድ ካርቶን የመጣው ተራ ሌንስ ሥራ ላይ ይውላል። ከዚያ በኋላ በአዳራሽ ውስጥ የተነሣው ፎቶ ሲደበዝዝ ወይም በነጠብጣብ ሲሞላ ጥፋቱ የካሜራው ይመስላል። ምስሉን የሚሠሩት ግን ካሜራው ብቻውን ሳይሆን አካሉና ሌንሱ በአንድነት ናቸው። በመሆኑም አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ “የትኛው ካሜራ ይሻላል?” የሚለው ሳይሆን “ለምሠራው ሥራ የትኛው ጥምረት ይስማማል?” የሚለው ነው።

መስታወት አልባ ካሜራ ምንድን ነው?

በቀድሞው ዲጂታል ካሜራ ውስጥ በሌንሱና በሴንሰሩ መካከል ዘንበል ብሎ የተቀመጠ መስታወት አለ። መስታወቱ በሌንሱ የገባውን ብርሃን ወደ ላይ አንጸባርቆ ወደ ዓይን መመልከቻው ይልካል። ፎቶ ሲነሣ መስታወቱ ብድግ ይልና ብርሃኑ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። የተለመደው ድምፅ የሚመጣውም በአብዛኛው ከዚህ እንቅስቃሴ ነው።

መስታወት አልባው ካሜራ ይህን ክፍል አስወግዷል። ብርሃኑ ሁልጊዜ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ ፎቶ አንሺውም የሚያየው ሴንሰሩ የሚያየውን ምስል ነው፣ በስክሪን ወይም በኤሌክትሮኒክ መመልከቻ አማካይነት። የዚህ ዓይነት ካሜራ ለገበያ በስፋት የቀረበው እ.አ.አ በ2008 ፓናሶኒክ ጂ1 የተባለውን ካሜራ ካስተዋወቀ በኋላ ነው። ሶኒ እ.አ.አ በ2010 ተከተለ፤ በ2013 ደግሞ አልፋ 7 በተባለው ካሜራ ትልቁን የፉል ፍሬም ሴንሰር በትንሽ አካል ውስጥ አስገባ። ኒኮንና ካኖን በዚህ መስክ የፉል ፍሬም ካሜራዎቻቸውን ያቀረቡት እ.አ.አ በ2018 ነው።

መስታወቱ መቅረቱ ያስገኘው ጥቅም የክብደት መቀነስ ብቻ አይደለም። ሌንሱ ከሚገጠምበት ቀለበት እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀትም አጥሯል። ርቀቱ በካኖን የቀድሞ ካሜራዎች 44 ሚሊ ሜትር ሲሆን በአዲሶቹ 20 ሚሊ ሜትር ነው። በኒኮን 46.5 የነበረው ወደ 16 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ጥቅም ግልጽ ነው፦ በሁለቱ ርቀቶች መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ አዳፕተር በማስገባት የቀድሞ ሌንሶችን በአዲሱ ካሜራ ላይ መጠቀም ይቻላል። የዚህ ግልባጭ፣ ማለትም የአዲሱን ካሜራ ሌንስ በአሮጌው ላይ መግጠም፣ አይሆንም።

ሌላው ጥቅም ለሀገራችን በዓላት በተለይ ይሠራል። በጥምቀት ዕለት ነጭ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ በጠራራ ፀሐይ ሲቆም ካሜራው ነጩን እንደ ግራጫ ቆጥሮ ምስሉን ያጨልመዋል፤ ፊቶችም ይጠቁራሉ። በኤሌክትሮኒክ መመልከቻ ይህ ጨለማ ፎቶው ከመነሣቱ በፊት ይታያል፤ ፎቶ አንሺውም የብርሃን ማስተካከያውን ከፍ አድርጎ ማረም ይችላል።

የሴንሰር መጠንና የሚያስከትለው ክብደት

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ሦስት የሴንሰር መጠኖች ናቸው። ትልቁ ፉል ፍሬም የሚባለው ሲሆን ስፋቱ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። መካከለኛው ኤፒኤስ-ሲ ይባላል፤ በሶኒ፣ በፉጂፊልምና በኒኮን ካሜራዎች 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን በካኖን ጥቂት ያንሳል። ሦስተኛው ማይክሮ ፎር ሰርድስ ሲሆን 17.3 በ13 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፓናሶኒክ የሚጠቀምበት፣ ኦሊምፐስም ይጠቀምበት የነበረ ነው። ፉል ፍሬም በስፋት ከኤፒኤስ-ሲ ከእጥፍ በላይ፣ ከማይክሮ ፎር ሰርድስ ደግሞ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል።

ትልቅ ሴንሰር በአንድ ዓይነት የሌንስ ቀዳዳና የሹተር ፍጥነት ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፤ በመሆኑም በደብዛዛ ሥፍራ የነጠብጣብ ብዛት ይቀንሳል፤ ከሰው ጀርባ ያለውን ነገር ለማደብዘዝም ይመቻል። ዋጋው የሚከፈለው ግን በብርና በክብደት ነው። ትልቅ ሴንሰር ትልቅ ሌንስ ይጠይቃል። የካኖን ፉል ፍሬም ሌንስ የሆነው 24-70 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ክብደቱ 900 ግራም ነው። ለኤፒኤስ-ሲ የተሠራው የሲግማ 18-50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ግን ወደ 290 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ የሚያሳየው የእይታ ስፋትም ከመጀመሪያው ጋር ተቀራራቢ ነው። ትንሽ አካል ገዝቶ ትልቅ ሌንስ የሚገጥምበት ሰው የፈለገውን ቅለት አያገኝም፤ ካሜራው ወደ ፊት እየደፋ እጅን ያደክማል።

የሌንስ ቁጥሮች ምን ይናገራሉ?

በሌንስ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይጻፋሉ። የመጀመሪያው በሚሊ ሜትር የሚገለጸው የትኩረት ርቀት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል። ነገር ግን ይህ ቁጥር ያለ ሴንሰሩ መጠን ትርጉሙ ሙሉ አይደለም። በኤፒኤስ-ሲ ካሜራ በ1.5፣ በካኖን ኤፒኤስ-ሲ በ1.6፣ በማይክሮ ፎር ሰርድስ በ2 ሲባዛ በፉል ፍሬም የሚኖረው ተመጣጣኝ እይታ ይገኛል። በፉል ፍሬም እንደ መደበኛ እይታ የሚቆጠረው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፒኤስ-ሲ ላይ ሲገጠም እንደ 75 ሚሊ ሜትር ያጠብባል። ለፊት ምስል መልካም ነው፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ቤተሰብን በአንድነት ለማንሣት ግን ግድግዳው ወደ ኋላ መሸሽን ይከለክላል። መደበኛውን እይታ የሚፈልግ የኤፒኤስ-ሲ ባለቤት ወደ 35፣ የማይክሮ ፎር ሰርድስ ባለቤት ወደ 25 ሚሊ ሜትር ማየት ይኖርበታል።

ሁለተኛው ቁጥር የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ ያመለክታል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። ከካሜራ ጋር የሚመጡት ተራ ዙም ሌንሶች ሲያቀርቡ ቀዳዳቸው እስከ ኤፍ 5.6 ወይም ከዚያ በላይ ይጠብባል። ዙም የሌለው የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን ብዙውን ጊዜ ኤፍ 1.8 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ መገመት ይቻላል። ከዓለት ተፈልፍለው በተሠሩት ቅጥሮች ውስጥ ብርሃን የሚገባው በትንንሽ መስኮቶች ነው። በኤፍ 5.6 ሹተሩ ለ1/10 ሴኮንድ ክፍት መሆን የሚጠይቅ ከሆነ በኤፍ 1.8 ወደ 1/100 ሴኮንድ ይወርዳል። በ1/10 ሴኮንድ የሚያሸበሽብ ካህን ይደበዝዛል፤ በ1/100 ግን ቆሞ ይታያል። ይህን ልዩነት ውድ አካል በመግዛት ማካካስ ይከብዳል፤ በአንጻሩ ቀላሉ የካኖን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ 160 ግራም ብቻ የሚመዝንና ከሌንሶቹ ሁሉ በዋጋ ዝቅተኛ ከሚባሉት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያምታቱት አንድ ጉዳይ አለ። በአንዳንድ ካሜራዎች አካል ውስጥ ያለው የንዝረት መከላከያ የእጅን መንቀጥቀጥ ያርማል እንጂ የሰውን እንቅስቃሴ አያቆምም። ለቆመ ሕንፃ፣ ለሥዕልና በእጅ ተይዞ ለሚቀረጽ ቪዲዮ ጥቅሙ ከፍተኛ ነው። ለእስክስታ ግን ፈጣን ሹተር፣ ለፈጣን ሹተር ደግሞ ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሌንስ ያስፈልጋል።

ለሥራው የሚስማማ ጥምረት

ለበዓላት፣ ለጉዞና ለመንገድ ፎቶ ግራፍ ቀላል የኤፒኤስ-ሲ ጥምረት በቂ ነው። የፉጂፊልም ኤክስ-ቲ30 ከባትሪውና ከካርዱ ጋር 383 ግራም ይመዝናል፤ ከ35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 ሌንስ ጋር ሲደመር 553 ግራም ይሆናል። ሶኒ አልፋ 6400 ደግሞ 403 ግራም ሲሆን ከላይ ከተጠቀሰው የሲግማ ሌንስ ጋር 700 ግራም አይሞላም። ጎንደር ላይ ከከተራ እስከ ጥምቀት ማግስት ታቦታቱን እየተከተለ በእግሩ ለሚጓዝ ሰው ይህ ቅለት ትልቅ ነገር ነው። ሁለቱም አካሎች ግን በውስጣቸው የንዝረት መከላከያ የላቸውም፤ በእጅ ይዞ ብዙ ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ይህን ማስታወስ አለበት።

ለሠርግ የመጀመሪያው መመዘኛ ሁለት የካርድ ማስገቢያ መኖሩ ነው። ሠርግ አይደገምም። ካርድ ሲበላሽ የጠፋውን የቃል ኪዳን ሥርዓት መልሶ የሚያመጣ ባለሙያ የለም፤ የደንበኛው ኀዘንና የባለሙያው ስም መጉደፍ ግን ይቀራሉ። ሁለት ካርድ የሚቀበል ካሜራ እያንዳንዱን ፎቶ በሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል። ትንሽና ቀላል የሆኑት የካኖን አር8 እና የሶኒ አልፋ 7ሲ ጥሩ የፉል ፍሬም ካሜራዎች ቢሆኑም ባለ አንድ ካርድ ናቸው። እ.አ.አ በ2018 የወጣው ሶኒ አልፋ 7 ማርክ 3 ባለ ሁለት ካርድ፣ የንዝረት መከላከያ ያለውና ባትሪው ብዙ የሚቆይ ነው፤ ክብደቱም 650 ግራም ነው። ከ35 እና ከ85 ሚሊ ሜትር ሌንሶች ጋር ሲጣመር የሠርግን አብዛኛውን ሥራ ይሸፍናል።

ለሰሜን ተራሮች ዓይነት ጉዞ የማይክሮ ፎር ሰርድስ ጥቅም ጎልቶ ይወጣል። ዋልያን ከሩቅ ለማንሣት ረጅም ሌንስ ግድ ነው፤ በፉል ፍሬም እስከ 600 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ ደግሞ ዳገት ለሚወጣ ሰው ሸክም ነው። የኦሊምፐስ ኢ-ኤም5 ማርክ 3 አካል 414 ግራም፣ 75-300 ሚሊ ሜትር ሌንሱ 423 ግራም ሲሆኑ በድምሩ 837 ግራም ይሆናሉ፤ እይታውም በፉል ፍሬም ከ150-600 ሚሊ ሜትር ጋር ይመጣጠናል። አካሉ ከአቧራና ከዝናብ የሚከላከል ማሸጊያ አለው፤ ይህ ሌንስ ግን የለውም። ጥንድ ነገር የሚጸናው በደካማው ወገን ልክ በመሆኑ ዝናብ ሲመጣ ካሜራውን መሸፈን ይገባል። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነም ሌንሱ የቀን ብርሃን ይፈልጋል። በከፍታው ብርድ የባትሪ አቅም ስለሚቀንስ ተጨማሪ ባትሪ በውስጥ ኪስ፣ ከሰውነት ሙቀት አጠገብ መያዝ ይጠቅማል።

ቃለ መጠይቅና ቪዲዮ ለሚሠሩ ደግሞ ከምስሉ በፊት ድምፁ ይታያል። የማይክሮፎን ማስገቢያ ሊኖር የግድ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫ ማስገቢያ ቢኖር ይመረጣል። አልፋ 6400 የመጀመሪያው አለው፤ ሁለተኛው የለውም። አር8 ሁለቱም አሉት።

ከውጭ የሚመጣና ያገለገለ ካሜራ

ከገልፍ ሀገራት፣ ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ በሚመለስ ዘመድ በኩል ካሜራ ማስመጣት የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮች ይታዩ። አንደኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው፤ ለጃፓን የሀገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ አንዳንድ የሶኒ ካሜራዎች ምናሌያቸው በጃፓንኛ ብቻ ነው። ሁለተኛው የመብራት ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ዑደት አለው፤ በአሜሪካ 60 ነው። ለአሜሪካ ገበያ እንደተስተካከለ የቀረ ካሜራ በአዳራሽ መብራት ሥር ቪዲዮ ሲቀርጽ ምስሉ ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል። መፍትሔው ምናሌው ፓል የሚባለውን ምርጫ ካለው ወደዚያ መቀየርና የሹተር ፍጥነቱን 1/50 ወይም 1/100 ሴኮንድ ማድረግ ነው። ድምፅ አልባው የኤሌክትሮኒክ ሹተር በጸሎት ሥፍራ ቢመረጥም በዚህ ዓይነት መብራት ሥር በፎቶው ላይ መስመሮችን ሊያመጣ ስለሚችል አስቀድሞ መሞከር ይገባል።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ የሚከተሉት ይፈተሹ፦

ሌንሱን በስልክ መብራት ከኋላ አብርቶ ማየት፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነውና መተው።

ሌንሱን አጥብቦ እስከ ኤፍ 16 በማድረስ ነጭ ግድግዳ ማንሣት፤ ጥቁር ነጠብጣቦች ከታዩ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። አቧራ ይጸዳል፤ ጭረት ግን አይጠፋም።

ቀዳዳውን በሙሉ ከፍቶ የጡብ ግድግዳ ፊት ለፊት ማንሣት፤ አንዱ ጎን ጠርቶ ሌላው ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል።

ሌንሱና አካሉ የሚነካኩባቸውን የብረት ነጥቦች፣ የካርድ ማስገቢያውን፣ የባትሪ ክዳኑንና እያንዳንዱን ቁልፍ መሞከር።

ለካሜራው ወደፊት ሌንስ ይገኝለት እንደሆነ ማረጋገጥ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙዎችን ያሳስታል። ካኖን ኢኦኤስ ኤም፣ ኒኮን 1 እና ሳምሰንግ ኤንኤክስ የተባሉት ካሜራዎች ምርታቸው ተቋርጧል። በገበያ ላይ በርካሽ የሚገኙትም በዚሁ ምክንያት ነው። ካሜራው ዛሬ ቢሠራም ለነገ የሚገዛለት አዲስ ሌንስ ከአምራቹ አይመጣም፤ የኢኦኤስ ኤም ሌንሶችም በካኖን አዲሶቹ አካሎች ላይ አይገጠሙም።

ቀድሞ ባለ መስታወት ካሜራ የነበረው ሰው ሌንሶቹን ለመሸጥ መቸኮል የለበትም። “የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች” እንዲሉ፣ በርካሽ የተሸጠው ሌንስ በውድ ሊፈለግ ይችላል። የካኖን ኢኤፍ ሌንሶች በአዳፕተር አማካይነት በአር ካሜራዎች ላይ አውቶ ፎከሳቸውን ሳያጡ ይሠራሉ። በኒኮን በኩል ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በውስጣቸው ሞተር የሌላቸው ኤኤፍ-ዲ የተባሉት የቆዩ ሌንሶች በኒኮን አዳፕተር ሲገጠሙ በእጅ ብቻ ነው የሚስተካከሉት።

ገንዘቡ እንዴት ይከፈል?

ቁርጥ ያለ ሕግ ባይኖርም ለጀማሪ የሚመከረው ለአካሉ ከጠቅላላው ገንዘብ ከግማሽ ያልበለጠ መመደብ ነው። ከ100 ብር 50ው ለአካሉ ቢውል 35ቱ ለሌንስ፣ ቀሪው 15 ለተጨማሪ ባትሪ፣ ለታመነ ሚሞሪ ካርድና ለቦርሳ ይሆናል። አካሉ በየጥቂት ዓመቱ በአዲስ ይተካል፤ ዋጋውም ቶሎ ይወርዳል። ጥሩ ሌንስ በአንጻሩ ከአንዱ አካል ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ለረጅም ዓመታት ያገለግላል። የሁለት ዓመት አካል ከጥሩ ሌንስ ጋር፣ ከአዲስ አካልና ከተራ ሌንስ የተሻለ ምስል ይሰጣል። የባትሪም ጉዳይ አይናቅ፤ መስታወት አልባ ካሜራ ስክሪኑና ሴንሰሩ ሁልጊዜ ስለሚሠሩ ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ይበላል። የአልፋ 6400 ባትሪ በአምራቹ መለኪያ 410 ያህል ፎቶ ነው የሚያነሣው፤ ለሙሉ ቀን በዓል አንድ ባትሪ አይበቃም።

ቀደም ሲል ዙም ያለው ካሜራ የተጠቀመ ሰው የትኛው ሌንስ እንደሚያስፈልገው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም። እያንዳንዱ ፎቶ በስንት ሚሊ ሜትርና በምን ያህል ቀዳዳ እንደተነሣ በፋይሉ ውስጥ ተመዝግቧል። ከወደዳቸው ፎቶዎቹ 100 ያህሉን ከፍቶ ቢያይ ልማዱን ያገኘዋል። አብዛኞቹ በ35 አካባቢ ከሆኑ የ35 ሌንስ፣ ብዙዎቹ ዙሙ ባለቀበት ሥፍራ ከሆኑ ረዘም ያለ ሌንስ ይፈልጋል። አብዛኞቹ በቀን ብርሃን ከቤት ውጭ የተነሡ ከሆነ ደግሞ በእጁ ያለው ካሜራ ገና አላነሰውም፤ ገንዘቡን አቆይቶ ሌንስ ብቻ መጨመር ይበቃዋል።